ጅግሮቹ የሚያውቁት ሰዓት

ባለፈው ግንቦት ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ስሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሴት ጭናቸው ላይ የማዳበሪያ ከረጢት ይዘው ነበር። ውስጡ ሰፈፍ ነው፤ ማሩ ተጨምቆ የወጣለት፣ ገና ያልተጣራ የንብ ሰም። ከኋላ የተቀመጠ ሰው «ኧረ መስኮት ክፈቱ! ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?» አለ። ረዳቱ ሳቀ። ሴትዮዋ አፍረው ከረጢቱን በነጠላቸው ሸፈኑት። እኔ ከማላውቀው ሰው ጋር ማውራት ይከብደኛል። «ይተዉት፤ አይሸፍኑት» ለማለት እስከ አዲስ ቅዳም ድረስ ስዘጋጅ ቆይቼ ሳልናገር ቀረሁ። ፊቴን ብቻ ወደ እሳቸው አዞርኩ። ጭስ፣ የደረቀ አበባ፣ ትንሽም የላብ ሽታ አለው። ለሌላው ሰው ምን ምን እንደሚል አላውቅም፤ ለእኔ ግን የአያ ጥሩነህ እጅ ነው።

አያ ጥሩነህ የእናቴ አጎት ነበሩ። ከቻግኒ በታች ባለችው መንደራችን፣ ከወንዙ ማዶ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ቀፎ ይሰቅላሉ፤ ማር ይቆርጣሉ። በወጣትነታቸው ማር ፍለጋ ወደ በረሃ ሲወርዱ አንድ የጉሙዝ ወዳጅ ነበራቸውና ቀስት ያስተማራቸው እሱ ነው። ደጋኑ ከሽመል የተሠራ፣ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ ነበር፤ የተወጠረበት ገመድ ደግሞ የበሬ ጅማት። ዝናብ ሊጀምር ሲል ጅማቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሰፈፍ ያሹታል። «ጅማት ውሃ ከጠጣ ይለግማል» ይሉኝ ነበር። «እንደ አህያ ነው። በፈለግሽው ሰዓት አይነሳልሽም።»

የማስታውሰው ዓመት አምስተኛ ክፍል የነበርኩበት ነው። ግንቦት እንደገባ አባቴ ሲያርስ በሬው እግሩን ረግጦ አጥንቱን ሰበረው። ወጌሻው በቀርከሃ ስንጥር ጠፍሮ አሰረለትና «ሐምሌ ሳይገባ መሬት እንዳትረግጥ» ብሎት ሄደ። አባቴ አልጋ ላይ ሆኖ ሰማዩን በበሩ በኩል እያየ ለእናቴ ትእዛዝ ይሰጣል፤ እናቴም «እሺ» እያለች የራሷን ታደርጋለች። በቆሎውን ጎረቤት በደቦ አረሰልን። እናቴ ዘራችው። በአራተኛው ቀን ማለዳ ስንሄድ ማሳው ተቆፋፍሮ ጠበቀን።

ጅግራ ነበር። ለማያውቃት ሰው፣ ጅግራ ከዶሮ ከፍ ትላለች፤ ጥቁር ግራጫ ላባዋ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለባት፤ ራሷ ሰማያዊና መላጣ ነው። ብቻዋን አትሄድም። ሃያ ሠላሳ ሆነው አንዷን ተከትለው በሰልፍ ነው የሚመጡት። የሚያናድደው ደግሞ ዝም ብለው አለመጫራቸው ነው። ትልሙን ይዘው፣ እናቴ ፍሬ የጣለችበትን እያንዳንዱን ቦታ እየለዩ ይቆፍራሉ። ስትዘራ ከጎኗ ሆነው ያዩ ይመስላሉ።

እናቴ ደግማ ዘራች። እኔንም ከትምህርት ቤት አስቀረችኝ። «እስኪበቅል ነው፤ አሥር ቀን ቢሆን ነው» አለችኝ። ማሳው መካከል በእንጨት የተሠራ ማማ አለ፤ እሱ ላይ ወጥቼ በወንጭፍ ድንጋይ እየወረወርኩ፣ ጅራፍ እያጮኽኩ መጠበቅ ነው ሥራዬ። ጠበቅሁ። ሁለተኛውም ዘር ግማሹ ተበላ። ጠዋት ስንመጣ አዲስ ጉድጓድ እናገኛለን። ከእኔ በፊት ጎህ ሲቀድ ይመጣሉ ብዬ ስላሰብኩ በየቀኑ እየቀደምኩ መነሳት ጀመርኩ። መጨረሻ ላይ ጤዛው እግሬን እያቀዘቀዘው፣ ከወፍ ቀድሜ ማማው ላይ እወጣ ነበር። እነሱ ግን አይታዩም፤ ጉድጓዱ ግን ይጨምራል። አስማተኞች ናቸው ብዬ ወሰንኩ።

ለሦስተኛው ዘር እናቴ ጭስ ላይ ተሰቅሎ የነበረውን የመጨረሻውን የበቆሎ ዛላ አወረደች። ፈለፈለችው። ጨርሳ ባዶውን ቆረቆንዳ ከጣለች በኋላ «ይህ ከሄደ የለም» አለች።

ለእኔም የለም ነበር። የዓመቱ ፈተና ከጰራቅሊጦስ ማግስት፣ ሰኞ ነው የሚጀምረው። ያልተፈተነ ክፍል ይደግማል። በመንደራችን ከእኔ በፊት ለጥበቃ ቀርተው ክፍል የደገሙ ሁለት ልጆች አውቅ ነበር። ሁለቱም ሴቶች ናቸው፤ ሁለቱም በመስከረም አልተመለሱም። ማንም «አትማሩ» ያላቸው የለም። ቤት ውስጥ ሥራ አይጠፋም፤ አንድ ዓመት ከቀሩ በኋላ የሚፈልጋቸው ሥራ በዛ፣ በቃ።

አያ ጥሩነህ ለምን አይጠብቁም እንዳይባል፣ በእኛ አገር ወፍ ጥበቃ የልጅ ሥራ ነው። ሽማግሌ ማማ ላይ ወጥቶ ሲጮህ ከታየ ወይ ልጅ የለውም ወይ አእምሮውን ስቷል ይባላል። እሳቸው የመረጡት አደን ነበር። «ጅግራ መሪ አላት» አሉን። «መሪዋን ከወሰድሽባቸው መንገዱን ይፈሩታል። ሌላ መሪ እስኪያወጡ በቆሎሽ ይበቅላል።» በየማለዳው ወንዙ ዳር ቅጠል ጋርደው ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ በወጣትነታቸው ጅግራ ውሃ የምትጠጣው እዚያ ነበርና። እኔም ከማማዬ ላይ ሆኜ የጋረዱበትን ቅጠል አያለሁ። ሳል ይዟቸው ስለነበር ጅግራዋም ትሰማቸዋለች ብዬ እሰጋ ነበር።

አንድ ማለዳ ከመንጋዋ የተነጠለች አንዲት ጅግራ መጣች። የደጋኑን ድምፅ ሰማሁ፤ ወዲያው ወርጄ ሮጥኩ። ስደርስ አያ ጥሩነህ ቢላዋቸውን በእጃቸው ይዘው ወፏ አጠገብ ቆመዋል። ፍላጻው በአንድ ጎኗ ገብቶ በሌላው ወጥቷል።

«ይረዷታ፣ አያ» አልኳቸው።

«የሞተ አይታረድም። በክት ሆነች።»

«ለእነ ሐያትስ ብንሰጣቸው?» ሐያት ጓደኛዬ ናት። አያቶቿ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጡ ሙስሊሞች ናቸው። የእኛን እርድ እንደማይበሉ አውቃለሁ፤ ያልታረደ ከሆነ ግን የማንም አይደለም፣ እነሱ ይበሉታል ብዬ ነው ያሰብኩት።

አያ ጥሩነህ ሊስቁ ብለው ተዉት። «እነሱም እንደኛው ናቸው። ቢስሚላህ ሳይባልበት የሞተ አይቀምሱም» አሉና ወፏን ድንጋይ ሥር ቀበሯት። እጃቸውን በሳር እየጠረጉ «ሁለት ሃይማኖት የማይበላውን ነገር ገደልኩ» አሉ። በማግስቱ የፍላጻውን ብረት ነቅለው በቦታው ከወይራ የተጠረበ፣ እንደ ሎሚ ድቡልቡል የሆነ እንጨት ሰኩበት። ይመታል እንጂ አይወጋም። ስትደነዝዝ ደርሰው በሕይወት ሳለች ማረድ አለባቸው። ለዚያ ደግሞ ቅርብ መሆን ያስፈልጋል፤ ጉልበታቸው መሮጥ ትቷል።

ቀኑም እያለቀ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ጾም የለም፤ ረቡዕና አርብም ይበላል። ከጰራቅሊጦስ ማግስት ግን የሰኔ ጾም ይገባል። አያ ጥሩነህ ደግሞ ያችን ወፍ ከቀበሩ ወዲህ የማይበላውን እንደማይገድሉ ምለዋል። ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ናቸው። ስለዚህ የመጨረሻዋ ቀን አርብ ናት።

የካሜራውን ነገር እስካሁን ያልነገርኳችሁ አፍሬ ነው።

ጌታሁን የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከባሕር ዳር መጥቶ ነበር። የዱር እንስሳት በየሰው ማሳ ምን እንደሚበሉ ያጠናል። ግንቦት አጋማሽ ላይ ማሳችን ዳር ካለው ሾላ ላይ የቅጠል ቀለም የተቀባ ሳጥን በማሰሪያ ጠፍሮ አሰረ። «ፊቱ የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ በራሱ ፎቶ ያነሳል» ብሎ ለእናቴ ነገራት። እናቴ «ማን ይጫነዋል?» አለችው። «ማንም።» እናቴ ሳጥኑን በጥርጣሬ አየችውና «ማንም» ብላ ደገመችለት።

እኔ ግን ማን እንደሆነ ያወቅሁ መሰለኝ። በዚያው ሰሞን የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር ከትምህርት ገበታ የሚቀሩ ልጆች ስም ለቀበሌ ይተላለፋል፣ ወላጆቻቸውም ይጠየቃሉ ብሎ ነበር። በሳምንቱ ካሜራ መጥቶ ማማዬ ፊት ለፊት ታሰረ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ቀሪ ልጆችን የሚያነሳ የመንግሥት ዓይን ነው። አባቴ በተሰበረ እግሩ ቀበሌ ሲጠራ ታየኝ። ስለዚህ በሾላው ፊት ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን በነጠላዬ እሸፍናለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ዱላ ይዤ፣ ጎብጬ፣ እያነከስኩ አልፋለሁ፤ ፎቶውን የሚያየው ሰው «ይቺማ አሮጊት ናት» ብሎ እንዲተወኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ፤ ወገቤን ያመኝ ነበር።

ያልተናገርኩት ሌላም ነገር ነበር። የእኛ ክፍል ከሰዓት በኋላ ነው የሚማረው። ሲለቀቁ ሐያት በማሳችን ግርጌ ባለው መንገድ ታልፋለች። ሳያት ከማማው ወርጄ እሮጣለሁ። መንገዱ ዳር ካለው ገደል ሥር ተቀምጠን የቀኑን ትምህርት ከደብተሯ እገለብጣለሁ።

«ቶሎ በይ! መግሪብ ሳይደርስ ካልገባሁ እናቴ ትገድለኛለች» ትለኛለች።

«ይኸው ጨረስኩ።»

«ይሄ ጽሑፍ ነው? ጅግራ የጫረው ነው እንጂ!»

«አንችስ ምኑን ጻፍሽው? ቃሉን ግማሹን ውጠሽዋል።»

«ለአንችም ለእኔም ነው የምሰማው፤ ጆሮዬ ሁለት ብቻ ነው።»

ሩብ ሰዓት ያህል ብንቆይ ነው። ተመልሼ ማማው ላይ እወጣለሁ፤ ሲመሽ እገባለሁ። በዚያ ወር የተማርኩት ሁሉ በእነዚያ ሩብ ሰዓቶች የተማርኩት ነው። ከልቤ የምጠብቀውም ማሳውን ሳይሆን የሐያትን ሰማያዊ ሹራብ ከመንገዱ ማጠፊያ ብቅ ማለቱን ነበር።

ከጰራቅሊጦስ በፊት ባለው ረቡዕ ረፋድ ላይ ጌታሁን በሞተር ሳይክሉ መጣ። ሦስተኛው ዘር ከተዘራ አምስተኛ ቀኑ ነው፤ ታችኛው ጫፍ እንደገና ተቆፍሯል። አያ ጥሩነህ ሲጠብቁት ነበር። «ና አንተ ልጅ፤ ያ ሳጥንህ ያየውን አሳየኝ» አሉት። እናቴ ማማውን ለጥቂት ጊዜ ተረከበችኝና እኔም ተከትያቸው ሄድኩ። ሦስታችንም እሳቸው ደጅ፣ የቀፎ ጭራሮ የተከመረበት ጥላ ሥር ተቀመጥን። ጌታሁን ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ከፈተ።

መጀመሪያ ጦጣ መጣች። ከዚያ ጃርት። ከዚያ ከርከሮ ከነልጆቹ። ከዚያ የአያ ጥሩነህ ሁለት እግሮች። «ይሄ የማን አህያ ነው?» አሉ፤ ጌታሁን ሳቀ። ከዚያ ደግሞ ፊቷን የሸፈነች ልጅ። እንደገና ፊቷን የሸፈነች ልጅ። ዱላ ይዛ የጎበጠች ልጅ። እንደገና።

«ይህቺን ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ» አለ ጌታሁን፣ እኔን ሳያይ። «የዚህ ሰፈር አሮጊት ትመስለኛለች።»

«አሮጊት ናት» አሉ አያ ጥሩነህ። «ጫማዋን ግን አውቀዋለሁ።»

መሬት ብትከፈት እገባባት ነበር። ቀበሌ ምናምን እንደሌለው የገባኝ ያኔ ነው። ሁለቱም ግን አልሳቁብኝም፤ ጌታሁን ቶሎ ብሎ ወደሚቀጥለው አለፈ። የሚቀጥለው ፎቶ የእኔ ጀርባ ነው፤ ነጠላዬ እየተውለበለበ ወደ መንገዱ ስሮጥ። ከእሱ ቀጥሎ ጅግሮች። መሪያቸው አንገቷን አስረዝማ ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላዋ በሰልፍ።

«ታች የተጻፈው ምንድን ነው?» አሉ አያ ጥሩነህ።

«ሰዓቱ ነው፣ አባቴ።»

«አንብቢልኝ» አሉኝ።

ቁጥሩ አሥራ ሰባት ከአራት ይላል። «አሥራ ሰባት ሰዓት የሚባል አለ እንዴ?» አልኩ።

«የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ስድስት ቀንሽለት» አለኝ ጌታሁን።

ቀነስኩ። «አሥራ አንድ ሰዓት ከአራት ደቂቃ» አልኩ፤ ሐያት በመንገዱ የምታልፍበት ሰዓት ነው። የሚቀጥለውን ገጽ ከፈተው፤ እኔ ስሮጥ፣ ቀጥሎ ጅግሮች። የሌላም ቀን፤ እኔ፣ ቀጥሎ ጅግሮች። ማለዳ ላይ አንድም የለም። አስማተኞች አልነበሩም። በየማለዳው ስናገኘው የነበረው፣ ሲመሻሽ ከማማው ላይ ያላየሁት የትናንት ጉድጓድ ነው። ከሾላው ጀርባ ሆነው እኔ እስክወርድ ይጠብቁ ነበር።

ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ዘር ያስበላሁት እኔ ነኝ። እናቴ ዛላውን ስትፈለፍል ታየችኝ። ማልቀስ ፈልጌ ነበር፤ ግን ጌታሁን እንግዳ ነው፣ እንግዳ ፊት አላለቅስም።

አያ ጥሩነህ ከላፕቶፑ ቀና አሉ። ከዚያ «ወዴት ነው የምትሮጭው?» አሉኝ።

«ሐያት ጋ። ደብተር ልገለብጥ።»

ጅማቱን የሚያሹበትን የሰፈፍ ድቡልቡል በጣቶቻቸው መካከል ያንከባልሉት ጀመር። «ብልህ ናት» አሉ በመጨረሻ፤ እኔን ይሁን ጅግራዋን አላወቅሁም። «ማማው ላይ ሰው ካለ ታያለች። ሲወርድም ታያለች። እኔ ወንዙ ዳር በማለዳ የዛሬ አርባ ዓመቷን ጅግራ ስጠብቅ፣ እሷ አሥራ አንድ ሰዓትን ለይታ አወቀች።» ወደ እኔ ዞሩ። «ለእናትሽ እኔ የምነግራት የለም። አርብ እንደ ልማድሽ ትሮጫለሽ።»

«አያ?»

«ስትሮጭ ነው የምትመጣው። እኔ ደግሞ ቀድሜ ማሳው ውስጥ እሆናለሁ።»

ጌታሁን ላፕቶፑን ዘጋ። «አባቴ፣ ካሜራው ለጥናት ነው እንጂ ለአደን አይደለም። እንዲህ መደረጉን ብጽፍ አስተማሪዬ ምን ይለኛል?»

«ጅግራዋስ ለጥናት ነው ዘር የምትቆፍረው?»

«እሱማ...»

«አንድ ብቻ ነው። ያውም የሚበላ።»

ጌታሁን ወደ ማሳችን አቅጣጫ አየ፤ ከዚያ እጄ ላይ የተጠቀለለውን ደብተር አየ። «እሺ። እጽፈዋለሁ ግን፤ ያየሁትን አልደብቅም» አለ። «ጻፈው» አሉት አያ ጥሩነህ። «ስሜን ከነአባቴ ስም ጻፈው። ለአህያው ፎቶ ግን ስም አታውጣ።»

አርብ ዕለት ከስምንት ሰዓት ጀምሮ የባለፈው ዓመት አገዳ በተከመረበት ጥግ፣ አገዳውን ተከናንበው ተቀመጡ። ቦታውን እያወቅሁት እንኳ አላያቸውም ነበር። ሁለት ነገር አስጠንቅቀውኛል፤ ዞረሽ እንዳታይ፣ ከልማድሽ ፈጥነሽ እንዳትሮጪ። ትልሙ ውስጥ አልፎ አልፎ እንደ መርፌ የሾለ አረንጓዴ ብቅ ማለት ጀምሯል። ዝናብ ያረገዘ ሰማይ ነበር። ሰዓት የለኝም፤ ሹራቡን ጠበቅሁ።

ሰማያዊው ሹራብ ታየ። ወረድኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እንደ ልማዴ መሮጥ ከብዶኝ አያውቅም። ገደሉ ሥር ስደርስ ሐያት «ምን ሆንሽ? ጅብ አየሽ?» አለችኝ።

«ምንም። አንብቢልኝ።»

የኅብረተሰብ ሳይንስ ነበር። ስለ ወንዞች ታነብልኛለች፤ እኔ እጽፋለሁ። አንዱን ወንዝ ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። «ደገምሽው እኮ!» አለችኝ። ሦስተኛ ልጽፈው ስል ከላይ መንጋው በአንድ ጊዜ ጮኸ፤ ሠላሳ የዛገ በር በአንድ ላይ ሲከፈት ነው የሚመስለው። ደብተሩን ጥዬ ተነሳሁ።

ጅግሮቹ በሾላው ላይ እየበረሩ ነው። አንዷ ትልም ውስጥ ወድቃ ክንፏ ይመታል። አያ ጥሩነህ ካገዳው ሥር ሊነሱ ይታገላሉ፤ ሦስት ሰዓት የተቀመጡበት ጉልበት አልታዘዝ ብሏቸዋል። «ያዣት! ውቤ፣ ያዣት!» ስሜ ውባለም ነው፤ ውቤ ሲሉኝ ያ የመጀመሪያቸው ነበር።

ላይዋ ላይ ወደቅሁ። ትሞቃለች። ልቧ በእጄ መዳፍ ውስጥ ይሮጣል። መላጣው ሰማያዊ ራሷ ዞሮ አየኝ፤ በዚያች ቅጽበት ነቃች። በጥፍሯ አንጓዬን ቧጠጠችኝ። ልለቃት ትንሽ ነበር የቀረኝ። በእኛ ዘንድ ሴት አታርድም፤ ቢላዋ ቢኖረኝም የማደርገው ነገር የለም። መያዝ ብቻ ነው። እሳቸው በእጃቸው መሬቱን እየተመረኮዙ፣ እያነከሱ መጡ፤ መንገዱ አያልቅም ነበር።

«አለች?» አሉ ከሩቅ።

«አለች!»

«አለች?»

«አለች፣ አያ! ቶሎ ይምጡ!»

ደረሱ። ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አሉ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እጄን ግን አልለቀቅሁም።

ስገልጥ ሐያት ማሳው ዳር ደብተሬን ይዛ ቆማለች። ወፏን አየች፤ እኔን አየች፤ አያ ጥሩነህን አየች። «እንኳን ደስ አላችሁ» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ግን አልበላም።»

አያ ጥሩነህ መሬት ላይ ተቀምጠው እየሳቁ «የአደኑ ድርሻ ግን አለሽ» አሏት። «አንች ባትመጭ እሷም አትመጣም ነበር። ነገ ቤቴ ብቅ በይ፤ ማር እሰጥሻለሁ። ማር ሃይማኖት የለውም።»

ማታ እናቴ ወጡን ስታወጣ አባቴ አልጋው ላይ ተደግፎ ተቀመጠ። የጅግራ ሥጋ ጠንካራ ነው፤ ማንም ግን አላማረረም። አባቴ «የት አገኟት?» ብሎ ጠየቀ። አያ ጥሩነህ አጥንት እየጋጡ «ውባለም መራችኝ» አሉ፤ ውሸት አልነበረም። ቀጥለው ደግሞ፣ ጨው አቀብዪኝ እንደሚል ሰው፣ «ሰኞ ማማው ላይ የምወጣው እኔ ነኝ» አሉ።

አባቴ እጁን ከገበታው አነሳ። «አያ፣ ኧረ ሰው ምን ይላል?»

«ያለውን ይበል።»

እናቴ ተነስታ የትምህርት ቤት ልብሴን ከሳጥኑ አወጣችና፣ በኩራዙ ብርሃን ስፌቱን እያገላበጠች አየችው።

ሰኞ ከሐያት ጋር ወደ ፈተናው ስንሄድ በማሳችን ግርጌ አለፍን። አያ ጥሩነህ ማማው ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው ጉብ ብለዋል። ወደ ቻግኒ የሚሄድ የጋሪ ነጂ ፈረሱን አቁሞ «አያ ጥሩነህ! በስተርጅና ወፍ ጠባቂ ሆኑ?» እያለ ይጮህባቸዋል።

«ድሮም ወፍ እጠብቅ ነበር!» ብለው ጮኹለት። «ያኔ ዝቅ ብዬ ነው፤ ዛሬ ከፍ ብዬ!»

ሐያት በሳቅ ደብተሯን ጣለች። እኔ ወደ ላይ አንጋጥጬ ማየት አፍሬ መንገዴን ቀጠልኩ።

የዚያን ቀን የተፈተንነው አማርኛና የኅብረተሰብ ሳይንስ ነበር። ወንዞቹ መጡ። ሁለት ጊዜ የጻፍኩት ወንዝ ራሱ መጣ፤ እጄ ሳላዘው ጻፈው። ስንጨርስ ዝናብ ነበር። ሐያት ወደ ቤቷ ታጠፈች፤ እኔ ወደ ማሳው ሮጥኩ። ደረቴ ውስጥ ያለው ፈተናው አልነበረም። አሥራ አንድ ሰዓት መሆኑን ሰማዩን አይቼ አውቄያለሁ።

ጅግሮቹ ማሳው ውስጥ ነበሩ።

ሌላ መሪ አውጥተዋል። ትልሙን ይዘው በሰልፍ ይሄዳሉ። አያ ጥሩነህ ማማው ላይ ናቸው፤ አልተኙም፤ ወንጭፉ ጭናቸው ላይ ነው። ዝም ብለው ያዩአቸዋል። ድንጋይ አንስቼ ልወረውር ስል ከላይ «ተይ!» አሉኝ። «ተይ፤ መጀመሪያ እይ።»

አየሁ። በቆሎው በቅሏል። በዝናቡ ከሦስት ጣት በላይ ቆሟል፤ እያንዳንዱ ቅጠል ላይ የውሃ ጠብታ አለ። ታችኛው ጫፍ ሳስቷል፤ መካከሉና ላይኛው ግን ሙሉ ነው። ጅግሮቹ በቡቃያው መካከል እየገቡ፣ ቡቃያውን ሳይነኩ፣ ዝናቡ ያወጣውን ትል ይለቅማሉ።

«ፍሬው ወደ ቅጠል ተለውጧል» አሉ አያ ጥሩነህ። «ቢቆፍሩም የሚያገኙት የለም። ያን ቡቃያ የሚቆርጥ ትል ይልቀሙልን፤ የበሉትን ያህል ይሥሩበት።»

ማማው ሥር ቆሜ እነሱን ሳይ ቆየሁ። መሪዋ አንገቷን አስረዝማ አየችኝ፤ አልሸሸችም። መውጣት እፈልጋለሁ ብዬ ወደ መሰላሉ እጄን ሰደድኩ። ልማድ ነው መሰለኝ፤ የዚያ ሰዓት ቦታዬ እዚያ ላይ ነበር።

«ምን ልትሠሪ?» አሉኝ።

«ልጠብቅ።»

«ምኑን? ፈተናው አለቀ እንዴ?»

«አላለቀም። ነገ ሒሳብ አለ።»

አያ ጥሩነህ ከማማው ላይ ጎንበስ ብለው አዩኝ። ከዚያ ሠላሳ ጅግሮች ማሳው ውስጥ እያሉ፣ ወንጭፉን አንስተው በእኔ ላይ አወዛወዙት።

«እሽ!» አሉ። «እሽ! ውጪ ከማሳው! እሽ!»

እየሳቅሁ ወደ ቤት ሮጥኩ።